ደራሲ ምስክር ነው፤ ዳኛው አንባቢ ነው

ልብ ወለድ ታሪክ ለመጻፍ ለሚጀምሩ ሰዎች የቀረበ ምክርና የአራት ሳምንት ልምምድ

ልብ ወለድ ታሪክ ለመጻፍ የሚመኝ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ወረቀቱን አዘጋጅቶ፤ መብራቱን አብርቶ፤ ከተቀመጠ በኋላ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ገጽ ሳያልፍ ብዕሩን ያስቀምጣል። ይህም የሚሆነው አሳብ ጠፍቶት አይደለም፤ ታሪክ የሌለው ቤት የለምና። የሚደናቀፈው ነገሩ ሳይነገር ፍርዱ ስለሚቀድምበት ነው። «በአንድ አገር እጅግ ንፉግና ጨካኝ የሆነ ሰው ነበረ» ብሎ የጀመረ ደራሲ በመጀመሪያው መስመር ፈርዶ ነገሩን ዘግቶታል። አንባቢውም ከዚያ በኋላ የሚመረምረው ነገር ስለማይኖረው መጽሐፉን አጥፎ ይተኛል።

በቀድሞው ዘመን በአገራችን «በላ ልበልሃ» እየተባለ ሙግት በሚደረግበት ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ሥራ ነበረው። ከሳሹ ይከሳል፤ ተከሳሹ ይመልሳል፤ ምስክሩ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ዳኛው ይፈርዳል። ምስክር ሆኖ የቀረበ ሰው «እገሌ ክፉ ነው» ቢል አስተዋይ ዳኛ «ምን ሲያደርግ አየኸው? ምን ሲልስ ሰማኸው?» ብሎ ይጠይቀዋል። የልብ ወለድም ሕግ ይኸው ነው። ደራሲው በምስክር ስፍራ ይቁም፤ የዳኛውን ወንበር ለአንባቢው ይተውለት።

ይህን ስንል ደራሲ መልካም ምግባርን ማስተማር ይተው ማለታችን አይደለም። ሰው ራሱ መርምሮ የደረሰበት ፍርድ በልቡ ጸንቶ ይኖራል፤ ሌላ ሰው ፈርዶ የሰጠው ግን ቶሎ ይረሳል። ስለዚህ ትምህርቱ እንዲጸና የሚፈልግ ሰው ምስክርነቱን አሟልቶ ያቅርብና ከዚያ በኋላ ዝም ይበል።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ያሳተሙት፤ በኋላም «ጦቢያ» በመባል የታወቀው መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ስም ነበረው። ዛሬ ይህን ዓይነቱን ድርሰት የምንጠራበት ስም ከዚያ የተገኘ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ጦቢያ ሴትነቷን ሸሽጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ስትጓዝ አንባቢው ድፍረቷን ከሥራዋ ያውቀዋል፤ ስለ ድፍረት የሚሰብክለት ሰው አያስፈልገውም። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻን ያቀረቡት አንባቢው አንድ ጊዜ እንዲቈጣቸው፤ አንድ ጊዜ እንዲስቅባቸው፤ አንድ ጊዜም እንዲያዝንላቸው አድርገው ነው። ዳኛው አሳቡን እንዲለዋውጥ የሚያደርግ ምስክርነት እንዲህ ያለ ነው።

በመሥሪያ ቤት ጽሕፈት የለመዱ ሰዎች በዚህ ነገር ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጉዳዩን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ውሳኔውን ማስታወቁ ተገቢ ነው፤ የበላይ ሹም ጊዜ የለውምና። ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ግን ጊዜውን ሊሰጥ ወዶ የመጣ ነው። ውሳኔውን አስቀድሞ የነገሩት እንደ ሆነ የመጣበትን ነገር ነጠቁት።

አሁን ወደ ልምምዱ እንመለስ። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ አይዘርፍም። አስቀድሞ በሁለት ቤት የሚፈጸመውን ጉባኤ ቃናን ይቈጥራል፤ ቀጥሎ ወደ ሦስት ቤቱ ወደ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይወጣል። ብቻውን ተቀምጦ የቈጠረውንም በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያርምለታል። እኛም ይህንኑ ሥርዓት ተከትለን ከትንሹ ወደ ትልቁ እንሂድ።

አንደኛ ሳምንት። በየቀኑ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ጻፉ፤ አንዱ በዓይን ያያችሁት፤ ሁለተኛው በጆሮ የሰማችሁት ይሁን። «ደግ፤ ክፉ፤ ቆንጆ፤ አሳዛኝ» የሚሉትና የሚመስሏቸው ቃላት በዚህ ሳምንት የተከለከሉ ናቸው። ምሳሌው እንዲህ ነው፦ «ባላቸው የሞቱባቸው ወይዘሮ ቡናውን ሲቀዱ እንደ ልማዳቸው ሁለት ሲኒ ሞሉ። ልጃቸው ‹ሁለተኛው ለማን ነው?› ብላ ብትጠይቃቸው ‹ምናልባት እንግዳ ቢመጣ ብዬ ነው› አሉ።» በዚህ ውስጥ ኀዘን የሚል ቃል አልተጻፈም፤ ኀዘኑ ግን ከሲኒው ጋራ ቀርቧል።

ሁለተኛ ሳምንት። በየቀኑ አንድ የፍርድ ቃል ወስዳችሁ በምስክርነት ለውጡት። «ንፉግ ነበረ» በማለት ፈንታ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እንግዳው እጁን ታጥቦ ወደ መሶቡ ሲቀርብ የቤቱ ጌታ እንጀራውን በዓይኑ ቈጠረ። እንግዳው ለሦስተኛ ጊዜ ሲቈርስ የቤቱ ጌታ የፋኖሱን ብርሃን ዝቅ አደረገና ‹ጋዙ ሊያልቅ ነው፤ ለመኝታ እንዳይቸግረን› አለ።» ይህን ከጻፋችሁ በኋላ ለዚያው ሰው ከጠባዩ ጋራ የማይስማማ አንድ ሥራ ስጡት። ለምሳሌ ሌሊቱ ሲበርድ ተነሥቶ የራሱን ጋቢ ለእንግዳው ይደርብለት፤ ሲነጋም ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አይናገር። አሁን ዳኛው ተቸግሯል፤ እንጀራ የሚቈጥረውና ጋቢውን የሚሰጠው አንድ ሰው ነውና። ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ችግር ነው።

ሦስተኛ ሳምንት። የንግግር ልምምድ ነው። አማርኛችን «አንተ፤ አንቺ፤ እርስዎ፤ አንቱ» እያለ የሰውን ክብርና ቅርበት ስለሚለይ ለደራሲ ትልቅ ሀብት ነው። አንዲት እመቤት ባልዋን በጓዳ ሁልጊዜ «አንተ» የምትለው ብትሆን፤ አንድ ቀን ማታ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ «እራት ይቅረብልዎ?» ብትለው መቈጣቷን ለማስረዳት ሌላ ቃል አያስፈልግም። እንዲሁም አንድ ሽማግሌ አባት ተሹሞ የመጣውን ልጁን በደጅ ተቀብሎ «እንደምን ሰነበቱ?» ቢለው ኩራት ይሁን ቅሬታ አንባቢው ይመርምር። ልጁስ ምን ብሎ ይመልሳል? የዚህ ሳምንት ሥራ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ የዐሥር መስመር ንግግር መጻፍ ነው። «ተቈጥታ፤ ተክዞ፤ በትሕትና» የሚሉ ማስረጃዎች አይግቡበት፤ ነገር ግን በመካከሉ የአጠራሩ ለውጥ አንድ ጊዜ ይምጣ።

አራተኛ ሳምንት። አንድ ነገር በሦስት ምስክሮች አፍ ይነገር። በግብዣ ማታ አንድ ብርሌ ጠጅ እንደ ሞላ ወድቆ ተሰበረ እንበል። እመቤቲቱ፤ አሽከሩና የስድስት ዓመቱ ልጅ እያንዳንዳቸው ያዩትን ይናገሩ። እመቤቲቱ ብርሌው የእናቷ የሠርግ ስጦታ እንደ ነበረ ታስባለች፤ አሽከሩ ከደመወዙ ስንት እንደሚቈረጥበት ያሰላል፤ ልጁ ግን በምንጣፉ ላይ የሚፈሰውን ጠጅና በጠረጴዛው ሥር ያየውን እግር ይናገራል። ማን እንደ ሰበረው እናንተ አትግለጹ። ሦስቱም ሲናገሩ ቃላቸው የተለያየ ይሁን፤ አሽከሩ እንደ እመቤቲቱ የተናገረ እንደ ሆነ ገና አልሰማችሁትም ማለት ነው።

ከአራቱ ሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ጥቅሙም ከወረቀቱ ያልፋል። ቤት የሚያስተዳድርና በሰዎች ላይ ሥልጣን ያለው ሰው በየቀኑ ይፈርዳል፤ ብዙ ጊዜም የሚሰማው የቀረበውን ወይም የሚፈራውን ሰው ቃል ነው። የአሽከሩን ምስክርነት በእውነት ለመጻፍ አንድ ሌሊት የደከመ ሰው በነጋው ብርሌ ተሰብሮ ሲያገኝ ከመቈጣቱ በፊት መጠየቁ አይቀርም። በድርሰታችሁ ውስጥ ክፉ ያላችሁት ሰውም ቃሉን ሳይሰጥ አይፈረድበት። ተከሳሽ ያልተሰማበት ፍርድ በችሎት እንደሚፈርስ ሁሉ ክፉው ሰው ያልተሰማበትም ልብ ወለድ በአንባቢው ልብ ይፈርሳል።

የተጻፈውን ስለ ማረም ጥቂት እንናገር። ጽሑፉን አንድ ሳምንት በሣጥን አሳድሩት፤ ከዚያም በቤተ ሰባችሁ ፊት ድምፅ አሰምታችሁ አንብቡት። የሩሲያው ደራሲ ሌዎ ቶልስቶይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1863 እስከ 1869 «ጦርነትና ሰላም» የተባለውን ታላቅ መጽሐፍ ሲጽፍ እርሱ እየሰረዘ የሚያርመውን ሚስቱ ሶፊያ ደጋግማ ትገለብጥለት ነበር። በእኛም አገር ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ብዙ ቤተ ሰብ አንድነት ሆኖ ሰምቶታል። ጆሮ ዓይን ያለፈውን ይይዛል።

አንብባችሁ ስትጨርሱ «ወደዳችሁት ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የሚወዳችሁ ሰው ሁሉ ወደድሁት ይላልና። «ምን አያችሁ? በማንስ ፈረዳችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰሚው ዓይኑን ወደ በሩ ከመለሰበት ስፍራ ላይ ምልክት አድርጉና ያንን አሳጥሩት። በመጨረሻ ላይ ትምህርቱን የሚያብራራ ዐረፍተ ነገር ካለ ሰርዙት። ከሰሚዎቹ አንዱ ለእመቤቲቱ፤ ሌላው ለአሽከሩ ፈርዶ በእራት ሰዓት ክርክር የተነሣ እንደ ሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ምስክርነታችሁ ተሰምቷልና። እናንተ ግን በዚያ ክርክር ውስጥ አትግቡ።

ብዕራችሁን እግዚአብሔር ይባርክ።