ዝና እምቢ ያለው ዓይናፋር

«ዓይናፋርነቴ ዕድሌን ዘጋብኝ» እያላችሁ ለምትጽፉልኝ፣ ዛሬ የአንድ ዓይናፋር ታሪክ ላጫውታችሁ። እንግሊዝ አገር፣ ኮርንዎል ውስጥ፣ ሬድሩት የምትባል፣ ቀድሞ የማዕድን ቆፋሪዎች የነበረች ከተማ አለች። የራግቢ ክለቧ የተቋቋመው በ1875 ነው (ዘመኑ በፈረንጅ ነው)። ራግቢ ያው ኳሱን ታቅፎ መሮጥ፣ ተጠላልፎ መውደቅ ነው!

ታዲያላችሁ፣ ከዚህ ክለብ የወጣ አንድ ልጅ በ1908 ከኮርንዎል ቡድን ጋር የኦሊምፒክ ብር ሜዳሊያ አገኘ። የተወዳደሩት ሁለት ቡድኖች ብቻ ቢሆኑም ሜዳሊያ ሜዳሊያ ነው። በጥር 1910 ደግሞ ለእንግሊዝ ተሰለፈ። በትዊክንሃም ስታዲየም የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ግጥሚያ መሆኑ ነው። ዌልስን 11 ለ 6 ሲረቱ ልጁ ተከላካዩን ሸውዶ ነጥብ አስቆጠረ። ሕዝቡ አበደለት።

ደግመው ሲጠሩት ግን «አልመጣም» አለ። ደቡብ አፍሪካ እንውሰድህ ቢሉትም እምቢ! ለእንግሊዝ ዳግመኛ ሳይጫወት ቀረ።

ዕድሉን አባከነ የምትሉ አትጠፉም፤ እኔ አልልም። ፈሪ ነበር እንዳትሉኝ ብቻ፤ ያን ሁሉ ተመልካች ፊት ዌልስን የሸወደ እሱ ነው።