ካሳ ከጥንቃቄ ሲረክስ፦ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ስሌት እንደገና ሊጤን ይገባል

በአዲስ አበባ በግንባታ ላይ ባለ ሕንፃ አጠገብ የሚያልፍ እግረኛ ቀና ብሎ ቢመለከት፣ በሚስማር በተያያዘ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ያለ ደህንነት ቀበቶ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ማየቱ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ይህ የሚሆነው ግን ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ በማያደርስ የሥራ አካባቢ የመሥራት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያም የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት የሙያ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155ን እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ደግሞ አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስረዳ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ የደረሱ አደጋዎችንም መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት እንዲያሳውቅ ያስገድዳል።

ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ጥሰቱ ስለምን ይዘወተራል? ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የተቆጣጣሪዎች ቁጥር ማነስና የሠራተኛው ግንዛቤ አለመዳበር ነው። ሁለቱም ምክንያቶች እውነትነት አላቸው። ይሁንና ተገቢውን ትኩረት ያላገኘ ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ እርሱም የካሳው ስሌት ራሱ ነው። ካሳው ከጥንቃቄው ወጪ ሲያንስ፣ አደጋን መከላከል ለአሠሪው ትርፍ የሌለው ወጪ መስሎ ይታየዋል።

በመርህ ደረጃ አዋጁ ለተጎጂው የቆመ ነው። በአንቀጽ 96 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ይሆናል። ጉዳቱ ጊዜያዊ ከሆነ ሠራተኛው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከደመወዙ 75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ የማያንስ ክፍያ ያገኛል። በጡረታ ሕግ የተሸፈነ ሠራተኛ ዘላቂ ጉዳት ሲደርስበት በዚያው ሕግ መሠረት የጉዳት ጡረታ ወይም ዳረጎት ይከፈለዋል። የመድንም ሆነ የጡረታ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ግን የሚያገኘው የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው። መጠኑም ለዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የዓመት ደመወዙ በአምስት ተባዝቶ፣ ከዚያ ላነሰ ጉዳት ደግሞ እንደ ጉዳቱ ደረጃ ተሰልቶ ይወሰናል።

ስሌቱ በተግባር ምን እንደሚያስከትል በምሳሌ መመልከት ይቻላል። ሽፋን የሌላቸው ሁለት ሰዎች ከአንድ መወጣጫ ወድቀው እያንዳንዳቸው የ30 በመቶ ዘላቂ ጉዳት ደረሰባቸው እንበል። በወር 20,000 ብር ያገኝ የነበረው ባለሙያ 360,000 ብር ይከፈለዋል። 4,000 ብር ያገኝ የነበረው የቀን ሠራተኛ ግን 72,000 ብር ብቻ ይደርሰዋል። ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ጉልበቱን ሸጦ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ግን በ30 በመቶ ጉዳት እንጀራውን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ስሌቱ ይበልጥ ለተጎዳው ያነሰ ይከፍላል። ከዚህም በላይ፣ ይበልጥ አደገኛው ሥራ ዝቅተኛ ደመወዝ በሚከፈለው ሰው እጅ እንዲቆይ ሳያስበው ያበረታታል።

ይህችን ካሳ ማግኘትም ቀላል አይደለም። የቀን ሠራተኛው የሚቀጠረው በአብዛኛው በካቦ ወይም በንዑስ ተቋራጭ በኩል፣ በቃል ነው። አዋጁ ውል በጽሑፍ አለመደረጉ የሠራተኛውን መብት እንደማያሳጣው ቢደነግግም፣ ማን አሠሪ እንደነበረና ደመወዙ ስንት እንደነበር ማስረዳት ተጎጂው ላይ ይወድቃል። በሌላ በኩል ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሷል ከተባለ፣ ሆን ብሎ ራሱን እንደጎዳ ተቆጥሮ አሠሪው ከኃላፊነት ነፃ ይወጣል። ቀበቶ ሳይሰጥ «ቀበቶ እሰሩ» የሚል ወረቀት ለለጠፈ አሠሪ ይህ መከላከያ መሸሸጊያ ሊሆን አይገባም።

ሕጉ ሌላም በር ከፍቷል። ጉዳቱ በአሠሪው ጥፋት የደረሰ ከሆነ፣ ሠራተኛው አግባብ ባለው ሕግ ተጨማሪ ካሳ የመጠየቅ መብቱ በአንቀጽ 96 ተጠብቆለታል። ከውል ውጭ ኃላፊነትን የሚመለከተው የፍትሐ ብሔር ሕግ ክፍል ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን እንዳለበት በአንቀጽ 2091 ይደነግጋል። የመከላከያ መሣሪያ አለማቅረብ በሕግ የተጣለ ግዴታን መጣስ በመሆኑ ከጥፋት ሊቆጠር ይገባል። ጠበቆችና የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት ይህን መንገድ አዘውትረው ቢጠቀሙበት፣ አዋጁ ሳይሻሻልም ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር።

ካሳን ማሳደግ የግንባታ ዋጋን ያንራል፣ የሥራ ዕድልንም ያጠባል የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን የአደጋው ወጪ ካሳው ሲያንስ አይጠፋም፤ ከአሠሪው ወደ ተጎጂው ቤተሰብ፣ ወደ ዕድርና ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይዛወራል እንጂ። ጥያቄው ወጪውን የመከላከል አቅም ያለው ማን ነው የሚል ነው፤ መልሱም አሠሪው ነው።

ስለሆነም ሦስት ማሻሻያዎች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ ለካሳ ስሌት መነሻ የሚሆን፣ ከሠራተኛው ደመወዝ ዝቅ ማለት ጋር አብሮ የማይወርድ ወለል ሊበጅ ይገባል። ሁለተኛ፣ ዋናው ተቋራጭ በንዑስ ተቋራጩ ሥር ለሚሠሩት ጭምር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ሊሆን ይገባል። ሦስተኛ፣ አሠሪዎች የመድን ሽፋን እንዲገቡ ግዴታ ሆኖ፣ የዓረቦኑ መጠን እንደየአሠሪው የአደጋ ታሪክ ከፍና ዝቅ ሊል ይገባል።

ለተመራማሪዎችም ሥራ አለ። በፍርድ ቤት መዛግብት ውስጥ በአሠሪ ጥፋት ላይ የተመሠረተ ተጨማሪ ካሳ ምን ያህል ጊዜ እንደተጠየቀና እንደተፈረደ ማጥናት ለዚህ ክርክር ጽኑ መሠረት ይሰጠዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ለአሠሪው ትርጉም የሚኖረው ቅጠሉ ከቃጠሎው ረክሶ ሲገኝ ነው።