ስለ ሕክምና ጥፋት ካሣና ስለ አንድ ሺህ ብሩ ወሰን

ድውይ በማደንዘዣ እንቅልፍ ተይዞ፣ ራሱን ለመከላከል ኃይል አጥቶ፣ ሥጋውን ለሐኪም ምላጭ አሳልፎ የሚሰጠው፣ ሐኪሙ ጥበቡን እንደ ሙያው ሥርዓት ይፈጽማል በሚል እምነት ነውና፣ ይህ እምነት በቸልታ በፈረሰ ጊዜ ተበዳዩ የሚጠይቀው ካሣ ምጽዋት ሳይሆን በርትዕ የሚከፈል ዕዳ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን ዕዳ አልዘነጋም። በአንቀጽ 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ እንዲሠራ፣ ግዴታውን በግልጽ ባለማወቅ ወይም በቸልታ ላደረሰው ጉዳት እንዲጠየቅ ደነገገ፤ በአንቀጽ 2651 የሕክምና ድርጅቱ ለቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ኃላፊ እንዲሆን አደረገ፤ በአንቀጽ 2091ም የካሣው ልክ ከጉዳቱ ልክ ጋራ የተካከለ ይሁን አለ። የክፍሉ ሁሉ መሠረት ይህ የመጨረሻው ቃል ይመስለኛል።

ዳሩ ግን ይኸው ሕግ አካሉ ለጎደለበት ሰው ስለ ሕሊና ጉዳቱ የሚከፈለውን ካሣ በአንቀጽ 2116 ሲወስን፣ በማናቸውም አኳኋን ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ አጥሮታል። በዚያን ዘመን አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ነበርና ገንዘቡ አራት መቶ ዶላር ያህል ነበረ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ግን ያው አንድ ሺህ ብር ዐሥር ዶላር እንኳ አይሞላም። ማሕፀኗ ያለ አግባብ ወጥቶ ልጅ የመውለድ ተስፋዋ የተቈረጠባት ሴት ስለዚህ ሐዘኗ የሚፈረድላት ይህ ነው።

የሕክምና ወጪና የተቋረጠ ገቢ ያለ ወሰን ይካሣል የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ይህ ካሣ ደረሰኝ ለሰበሰበና ደመወዙን በጽሑፍ ለሚያስረዳ ሰው የተመቸ ነው። ዕድሜዋን በቤቷ ያለ ደመወዝ የደከመችው እናት፣ ጡረታ እንኳ የሌለው አረጋዊ፣ ዛሬ አራት ኪሎ ነገ መርካቶ የሚውለው የቀን ሠራተኛ፣ ገቢያችሁን አስረዱ ሲባሉ ምን ያቀርባሉ? የጠፋባቸው ደመወዝ ሳይሆን ማየት፣ መራመድ፣ ከሰው ጋራ መዋል በመሆኑ፣ ሕጉ የሕሊና ጉዳት ብሎ የሰየመው ክፍል ለእነርሱ ዋናው ካሣ ነው፤ በአንድ ሺህ ብር የታጠረውም ይኸው ክፍል ነው። ስለዚህ የዘመኑ ንዋይ ዋጋ ሲረክስ ጉዳቱ በይበልጥ የወደቀው በድሃው ላይ ሆነ።

በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ሐኪም በቸልታ ሰው ቢገድል በእስራት ይቀጣል፤ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴም ጉዳዩን መርምሮ ፈቃድ እንዲታገድ ማሳሰብ ይችላል። ነገር ግን የሐኪሙ መታሰር ለአልጋ ቁራኛው መድኃኒት አይገዛም፤ ኮሚቴውም ካሣ አይበይንም።

ወሰን ማበጀት በእኛ ብቻ የታየ አይደለም። የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 የሕሊና ጉዳት ካሣን በ250,000 ዶላር ወስነው ለአርባ ሰባት ዓመታት ሳይነኩት ከቈዩ በኋላ፣ ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ ለአካል ጉዳት 350,000፣ ለሞት 500,000 ዶላር እንዲሆንና በየዓመቱ እንዲያድግ አደረጉ። የእኛው ቍጥር ከዚያ በዕድሜ ይበልጣል፤ አላደገምም።

ካሣ ቢበዛ ሐኪሞች ፈርተው ከባድ ሕሙማንን ይሸሻሉ የሚለውን ስጋት አላቃልለውም፤ በጥቂት መሣሪያና በብዙ ሕሙማን መካከል የሚደክም ሐኪም የሁሉ ጥፋት ተሸካሚ እንዲሆንም አልሻም። ነገር ግን ኒውዚላንድ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተጎዳ ሰው ጥፋተኛ ሳትፈልግ ከጋራ ገንዘብ ትክሳለች፤ እኛም ሆስፒታሎች የኃላፊነት መድን እንዲገቡ ብናስገድድ ሸክሙ ከሐኪሙ ትከሻ ይወርዳል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአንቀጽ 2116ን ወሰን ሽሮ ልኩን ለዳኛው ርትዕ ሊተውለት ይገባል። እስከዚያው ድረስ ጠበቆችና ዳኞች አንቀጽ 2102ን፣ የጉዳቱ ልክ በትክክል በማይታወቅበት ጊዜ ፍርድ ቤቱ በርትዕ ይወስን የሚለውን፣ ደረሰኝና የደመወዝ ማስረጃ ለሌላቸው ተበዳዮች በሙሉ ኃይሉ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ተበዳዮቹም ክሱን ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ካላቀረቡ በአንቀጽ 2143 ይርጋ መብታቸው እንደሚታገድ ገና በሆስፒታል አልጋ ሳሉ ሊነገራቸው ይገባል።

ገ. ሥ.