ስለ ዝሆኔ በሽታና ስለ ባላገር ጤና

አገር በገበሬው እጅና እግር ላይ የቆመ መሆኑ የታወቀ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል በምትገኘው በማንኩሳ ገበያ የሚሸመተው ጤፍና በቆሎ፣ በርበሬውም ሁሉ የሚገኘው በክረምት ጭቃ ውስጥ በባዶ እግሩ በሬ ተከትሎ ከሚውለው ሰው ድካም ነው። እንግዲህ አገርን የሚመግበው እግር በዝሆኔ በሽታ ሲያብጥና ሲቈስል ዝም ብሎ ማየት፣ ምሰሶው ሲበሰብስ ጣራውን እንደ ማስጌጥ ይቈጠራል።

ስለዚህ በሽታ በሕዝብ ዘንድ ብዙ ይነገራል። አንዳንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላውም ይጋባል ብሎ ይሸሻል። ስለዚህ በሽተኛው ከማኅበር ይርቃል፤ ልጆቹም ጤነኞች ሳሉ በጋብቻ ይነቀፋሉ። የሊቃውንት ምርመራ ግን ሌላ ነገር ያስረዳል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው የብሪታንያ ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ መርምሮ፣ የቀይ አፈር ደቃቅ ትቢያ በባዶ እግር ቆዳ ገብቶ በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ የሚያስተላልፉትን ሥሮች እንደሚጎዳ አመለከተ። በዚሁ አቆጣጠር በ2012 ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ለበሽታው የሚያጋልጥ የዘር ባሕርይ መኖሩን ገለጡ። በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው መታመሙ ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ ከርግማን አይደለም። ዘሩ ቢኖርም እንኳ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ የለበሰ እግር ከአፈሩ ይጠበቃል።

የጉዳቱም መጠን ተቈጥሮ ታውቋል። የማንኩሳ ጎረቤት በሆነችው በደምበጫና በደብረ ኤልያስ 17,553 ቤቶች ተጠይቀው በ2012 በታተመው ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመት ከሞላ ሰዎች ከ100ው ከ3 የሚበልጡት ታመው ተገኝተዋል፤ አብዛኞቹም ለሥራ የደረሱ ነበሩ። ዶክተር ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ ደግሞ በ775 ወረዳዎች የተደረገውን ምርመራ መሠረት አድርገው፣ በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን የሚሆኑ አዋቂዎች በዚህ በሽታ እንደተያዙ ገምተዋል። በወላይታ በ2006 የታተመ ጥናትም በሽተኛው ከሥራ ቀኑ 45 በመቶውን እንደሚያጣ አስረድቷል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ቤት ኀዘን ብቻ ሳይሆን የአገር ሀብት ጉድለት ነው።

በሽታው ወዲያው ስለማይገድል፣ ገንዘቡ በሚገድሉት በሽታዎች ላይ ይዋል የሚል አይታጣም። ይህ አሳብ ምክንያት የሌለው አይደለም። ነገር ግን የዚህ ሕክምና መሣሪያ ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 በሽተኞች የተካፈሉበትና በ2018 የታተመው ፈተና፣ ይህን እንክብካቤ ያገኙት በትኩሳትና በሕመም የሚወድቁበት ጊዜ ከ5 አንድ እጅ ያህል እንደ ቀነሰላቸው አሳይቷል። በጥቂት ወጪ ብዙ ሕመም የሚቀልበትን ነገር መተው ቁጠባ ሊባል አይችልም።

በጤና ነገር ትክክለኛ ፍርድ ማለት ለሁሉ እኩል መስፈር ብቻ አይደለም፤ የሩቁና የድኻው ጉዳት በሚዛን ላይ እንዲታይ ማድረግ ነው። ሆስፒታል በከተማ ሲሠራ በእግሩ መራመድ የማይችለው ሰው ከዚያ አይደርስም። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ2003 ሲጀመር ጤና ኬላ ወደ ቀበሌ የወረደውም ስለዚህ ነበር። እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት በጀት ሲደለድሉ ለጤና ኬላው ሳሙናውንና ፋሻውን፣ ለድኻው ልጅ ጫማውን ሊያስቡ ይገባቸዋል። ለገበያና ለበዓል ብቻ የሚቀመጥ ጫማ ግን አያድንምና፣ በእርሻ ላይም እንዲለበስ ሊመከር ያስፈልጋል።

የካህናትም ድርሻ ትንሽ አይደለም። በጸሎተ ሐሙስ እግር የሚያጥቡ አባቶች፣ ያበጠ እግር የኀጢአት ምልክት እንዳልሆነ በዐውደ ምሕረት ቢናገሩ፣ የሚሰማቸው ሕዝብ ከሐኪም ቃል ይልቅ ያምናቸዋል። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ የማንን እግር ተጸየፈ? ሹም በበጀቱ፣ ካህን በቃሉ፣ ጎረቤትም በፍቅሩ ቢተባበሩ፣ የታመመው ገበሬ ከተደበቀበት ጓዳ ወደ ማኅበሩና ወደ እርሻው ይመለሳል።