ጅቡቲ ወርዶ መነገድ ዕውቀት ይጠይቃል





ስለ ወደብ ነገር በየዕለቱ ብዙ ይነገራል። ኪራዩ ስንት ነው፣ ሌላ በር ይገኝ ይሆን ወይ የሚለው ጥያቄ የታላላቆቹ ሰዎች ጉዳይ ስለሆነ እኔ አልገባበትም። እኔ ለማንሣት የምፈልገው ከዚያ ዝቅ ያለውን፣ ብዙ ሰው ሳይነካው የሚያልፈውን ነገር ነው። ይኸውም ከደጋው ተነሥቶ ወደዚያ የባሕር ጠረፍ ቆላ የሚወርደው ነጋዴ፣ ሾፌርና ወጣት ሠራተኛ ስለ ከተማይቱ ኑሮና ስለ ገበያዋ ጠባይ አንዳች ሳይማር መውረዱ ነው።

አሰብ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ከተዘጋብን ወዲህ ከውጭ የምናስመጣውና ወደ ውጭ የምንልከው ዕቃ ከመቶ 90 እጅ ያህሉ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። የእንግሊዝን የእግር ኳስ ቡድኖች ከነአሠልጣኞቻቸው የሚቆጥርልኝ ተማሪ በክፍሌ ሞልቷል፤ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቀን የጅቡቲ ሱቅ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ የሚነግረኝ ግን እምብዛም አላገኝም። ይህ በድሬዳዋ ነው። የመሐል አገሩማ እንዴት ይሆን!

በመጀመሪያ ስለ ፀሐይቱ ልናገር። ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሲደርስ ወይም ሲያልፍ አይደንቅም፤ ከባሕሩ የሚነሣው ወበቅ ደግሞ ሌሊት እንኳ ሰውን አይለቅም። የድሬዳዋን ሐሩር የለመድን እኛ ሳንቀር እንዝላለን። ስለዚህ ከተማይቱ ቀንዋን ለሁለት ከፍላ ትኖራለች። ጠዋት በማለዳ ሥራ ይጀመራል፤ እኩለ ቀን ሲሆን ብዙው ሱቅ ይዘጋል፤ ሰዉም ቤቱ ገብቶ ያርፋል፤ ገበያው እንደገና ነፍስ የሚዘራው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ነው። ያገራችን ሰው ይህን ሲያይ «ሰነፎች ናቸው» ብሎ ይፈርዳል። ነገሩ ስንፍና ሳይሆን ብዙ ዘመን የተፈተነ ብልኀት ነው። በ7 ሰዓት ፀሐይ ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚሯሯጠው ደገኛ ማታ ሐኪም ቤት ሲገኝ ማን እንደተሳሳተ ይታወቃል። (ከቀትር በኋላ ስለሚቃመው ጫት ከተነሣ ግን ልንወቅሳቸው አፍ የለንም፤ ቅጠሉን በየቀኑ ጭነን የምንልክላቸው እኛው ነን።)

ከፀሐዩ ቀጥሎ የሰዓቱና የቀኑ ነገር አለ። እኛ «በ10 ሰዓት እንገናኝ» ስንል ከቀትር በኋላ ማለታችን ነው፤ ጅቡቲያዊው 10 ሰዓት ሲል የኛን ረፋድ 4 ሰዓት ማለቱ ነው። በዚህ ብቻ የተበላሸውን ቀጠሮ ቤቱ ይቁጠረው። አርብ የዕረፍት ቀን ሲሆን እሑድ ግን የሥራ ቀን ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደርሶ አርብ ጉዳዩን ጨርሶ ቅዳሜ ለመመለስ ያሰበ ሰው የሆቴል ኪራይ ከፍሎ ባሕር ሲያይ ይሰነብታል።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ጥቂት የመኪና መለዋወጫ አስመጥቶ ነበርና እኔም የሚሲዮን ትምህርት ቤት አባቶች ያስተማሩኝ ፈረንሳይኛ ይጠቅመው እንደሆነ ብዬ አብሬው ወረድሁ። ዕቃው በሰላም ገብቷል፤ ግብሩም ዋጋውም ተከፍሏል። ግን «ወልደ» ብሎ የሚጀምረው የአባቱ ስም በፓስፖርቱ ላይ ተለያይቶ፣ በንግድ ፈቃዱ ላይ ደግሞ ተጋጥሞ በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል። ለኛ አንድ ሰው ነው፤ ለዚያ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ግን ሁለት ሰው ሆነበት። በአገራችን የሰው ስም ከነአባቱ እንጂ የቤተ ሰብ መጠሪያ እንደሌለው ላስረዳው ብሞክር በትሕትና አዳምጦኝ ወረቀቱን መለሰልኝ። ገንዘብ ተቀብሎ ጉዳዩን ሊፈጽም የተዋዋለው ትራንዚተር ደግሞ ስልኩን ዘጋ። ማስተካከያ ደብዳቤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ቆየን። በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት የመጋዘኑም የኮንቴይነሩም ሒሳብ ሲቆጠር ነበር፤ የሚቆጠረውም በዶላር ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚህ ነውና። ዕቃ ከመርከብ ከወረደ በኋላ ወደቡ የተወሰኑ ነፃ ቀኖች ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ለቦታው ኪራይ አለ። የመርከብ ድርጅቱም ኮንቴይነሩ ባዶውን እስኪመለስለት ድረስ በየቀኑ ያስከፍላል፤ ነጋዴዎቹ ዴመሬጅ የሚሉት ይህ ነው። በመልቲሞዳል የሚያስመጣው ዕቃው እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ስለሚደርስለት ይህን ሁሉ በዓይኑ አያየው ይሆናል። ራሱ ከወደብ የሚያነሣው ግን ቀን ማለት ገንዘብ መሆኑን ቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1965 ዓ.ም. ወዲህ ከዶላር ጋር ያለው ምንዛሪ አልተለወጠም፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከ72 ሳንቲም ገደማ ነው። የኛ ብር እንዲህ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ በተለቀቀ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዕዳውን በፍራንክና በዶላር ተዋውሎ ትርፉን በብር ያሰላ ሰው ምን እንደ ደረሰበት በየከተማችን የተዘጉት ሱቆች ይናገራሉ።

ሙቀቱ ሰውን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። መድኃኒት፣ ዘር፣ ቸኮሌት፣ የፊት ቅባት በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ሲጋገር ይበላሻል። ሲሚንቶ ከወበቁ እርጥበት ስቦ ይደድራል፤ ብረት በጨዋማው አየር ይዝጋል። ስለ ኮንትሮባንዱ አልናገርም፤ እሱ የራሱ መምህራን አሉት። ከከተማይቱ ውጭ ፔካ 12 በሚባለው ሥፍራ ተራ የሚጠብቁት የከባድ መኪና ሾፌሮቻችን ግን አያሳዝኑም ወይ? ጥላቸው የመኪናቸው ሆድ ነው። ስንት ሊትር ውሃ በቀን እንደሚያስፈልግ፣ ላብ ሲቆም አደጋ መሆኑን ማንም አላስተማራቸውም። ይህን ለማስተማር አንድ ነርስና አንድ ሰዓት ይበቃል።

ቋንቋውን ደግሞ ተመልከቱ። የመንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነው፤ ሕዝቡ ሶማልኛና አፋርኛ ይናገራል። አማርኛ የሚሰማ ባለ ሱቅ ማግኘት አይቸግርም፤ ውልና ደረሰኝ ግን በአማርኛ አይጻፍም። የቀድሞው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ፈረንሳይኛውን ይዞ ስለ መጣ ያ የባቡር ሠራተኛ ትውልድ ጅቡቲ ሲወርድ ባዳ አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ይፈጥናል፤ ሠራተኛና ነጋዴ ግን ያለ ቋንቋ ይጭናል። በድሬዳዋ ፈረንሳይኛ የሚናገሩት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እያለፉብን ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ነገ የራሳችን ወደብ ሲገኝ ስለ ጅቡቲ መማር ምን ይጠቅማል?» ይሉኛል። እኔ ይህን ክርክር አልቀበለውም። ነገ በበርበራም ሆነ በሌላ ወደብ ብንጠቀም በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር ደጋ የለም፤ ፀሐይዋ ያችው፣ ዶላሩም ያው፣ የመርከብ ድርጅቱም ያው ነው። ሌሎች ደግሞ «እኛ ባንኖር ጅቡቲ ምን ትሆን ነበር» እያሉ እንደ ጌታ ይወርዳሉ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ከኛ መግዛታቸው፣ የአትክልታቸውም ብዙ ክፍል ከኛ መሄዱ እውነት ነው። ነገር ግን ደንበኛ መሆን ባለቤት መሆን አይደለም። በ1969 ዓ.ም. ነፃነቱን ያገኘ ሕዝብ በገዛ ከተማው ሲናቅ ደስ አይለውም፤ በትሕትና ሰላምታ የሰጠ ነጋዴም ጉዳዩ ቶሎ ሲያልቅለት አይቻለሁ።

እንግዲህ እንደ እኔ አስተሳሰብ በድሬዳዋና በባቡሩ መሥመር ባሉት ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፈረንሳይኛ ወይም ዓረብኛ ለሚፈልግ ተማሪ ቢሰጥ፣ የንግድ ምክር ቤቶችም ወደ ወደብ ለሚወርድ አዲስ ነጋዴ የሦስት ቀን ትምህርት ቢያዘጋጁ መልካም ነው። ሰነድ እንዴት እንደሚነበብ፣ ስም በፈረንጅ ፊደል እንዴት በአንድ ዓይነት እንደሚጻፍ፣ ነፃ ቀን እንዴት እንደሚቆጠር ቢያስተምሩ ወጪው ከአንድ ኮንቴይነር የዘጠኝ ቀን ዴመሬጅ አይበልጥም። የከተማችን ንግድ ምክር ቤት አንድ ክፍልና አንድ ሰሌዳ ቢፈቅድልን እኔና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በፊት ያለ ክፍያ ፈረንሳይኛውንና የሰዓት አቆጣጠሩን ለማስተማር ዝግጁ ነን። ጠመኔውን እኛ እናመጣለን።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከድሬዳዋ