አምፖሉ ስለ በራ ሥራው ተጠናቀቀ ማለት ነውን?

አንድ የቤት ባለቤት የኤሌክትሪክ መስመሩን እንዲያይለት ሁለተኛ ባለሙያ በጠራ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው «ይህን የሠራው ማን ነው?» የሚለውን ነው። ንግግሩ በጥያቄ መልክ ቢቀርብም ፍርድ ነው። የቤቱ ባለቤትም ወይ ደንግጦ መስመሩ በሙሉ ፈርሶ እንደገና እንዲሠራ ያዛል፣ ወይም «መብራቱ እስከ በራ ድረስ ምን ቸገረኝ» ብሎ ነገሩን ይተወዋል። በእኔ እምነት ሁለቱም ውሳኔዎች መሠረት የላቸውም። ስለ አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ጥራት በታማኝነት ሊመሰክር የሚችለው የሌላው ሠራተኛ ትችት ወይም የአምፖሉ ብርሃን ሳይሆን ልኬት ነው።

ጉዳዩ እንደ ቁይ ላሉ ከተሞች በተለይ ከባድ ነው። የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በቁይም ሆነ በሌሎቹ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጭቃ ተሠርተው ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች ብዙ ናቸው። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሽቦው የሚያልፈው በደረቅ እንጨት ላይና ከኮርኒሱ ጨርቅ በላይ ነው። ስለዚህ አንድ የላላ ማያያዣ የሚፈጥረው ሙቀት ተቀጣጣይ ነገር ለማግኘት ሩቅ አይሄድም። በሌላ በኩል ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ የአንድ ሠራተኛ ስም በአንድ ቃል ሊጠፋ ይችላል፤ ስሙ ደግሞ እንጀራው ነው። እንግዲህ ፍርዱ ቢሳሳት በአንድ ወገን የቤተሰብ ሕይወት፣ በሌላ ወገን የሰው መተዳደሪያ አደጋ ላይ ይወድቃል።

አምፖል የማይመሰክራቸው ጉድለቶች

በ1841 እ.ኤ.አ. ጀምስ ጁል ያሳተመው ሕግ እንደሚያስረዳን፣ በአንድ ሽቦ ወይም ማያያዣ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከሚያልፈው ኮረንቲ ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። ይህን በቁጥር እንመልከተው። በአንድ ስካቶላ ውስጥ በሞርሰቶ ሳይጠብቅ፣ በእጅ ብቻ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ማያያዣ አለ እንበል፤ ሬዚስታንሱም 0.1 ኦም ይሁን። በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 60 ዋት አምፖል 0.27 አምፒር ያህል ይስባል፤ በማያያዣው ላይ የሚፈጠረው ሙቀትም ከአንድ ዋት አንድ መቶኛ ያነሰ ነው። አምፖሉ በደንብ ይበራል፤ ባለቤቱም ይደሰታል።

በዚያው መስመር ላይ 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ ግን ኮረንቲው ወደ 16 አምፒር ይጠጋል፤ በዚያች ነጥብ ላይ የሚፈጠረው ሙቀትም 25 ዋት ገደማ ይደርሳል። ይህ የሬዲዮ ጠጋኞች እርሳስ ከሚያቀልጡበት ብረት ጋር የሚተካከል ኃይል ነው። በአምፖሉ ጊዜ ከነበረው ከ3 ሺህ እጥፍ በላይ የሚበልጥ ሙቀት፣ አንድ እንጀራ ወጥቶ ሌላው እስኪጋገር በኮርኒስ ውስጥ ተደብቆ ይሠራል ማለት ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። ማብሪያ ማጥፊያው በፌዙ ፈንታ በኒውትራሉ ላይ ቢገጠም አምፖሉ እንደ ወትሮው ይበራል፣ ይጠፋልም። ይሁን እንጂ ከጠፋ በኋላ እንኳ በአምፖሉ መያዣ ላይ ሙሉው 220 ቮልት ይቀራል። «አጥፍቼዋለሁ» ብሎ አምፖል ሊቀይር የሚወጣ ሰው ይህን የሚያውቀው ኮረንቲ ሲይዘው ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

ይህ ሁሉ ሲባል የመጀመሪያው ሠራተኛ ሁልጊዜ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የገጠር ከተሞች የኤሌክትሪክ አገልግሎት በስፋት ሲዘረጋ፣ በብዙ ቤቶች የሚፈለገው ለሁለት ወይም ለሦስት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ የሚሆን መስመር ነበር። ለዚህ አገልግሎት 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የመዳብ ሽቦ ከበቂ በላይ ነው። ኋላ ግን ቴሌቪዥኑ፣ ማቀዝቀዣውና ምጣዱ በየተራ መጡ። ከቆጣሪው 15 ሜትር ርቆ ያ ምጣድ በዚያው ቀጭን ሽቦ ቢሠራ፣ በደርሶ መልሱ 30 ሜትር ሽቦ ላይ ብቻ 88 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በ4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢሆን ኖሮ ወደ 33 ዋት ይወርድ ነበር። ብሬከሩ በተደጋጋሚ ሲወድቅም ሽቦውን በመለወጥ ፈንታ ብሬከሩን በትልቅ የሚተካ ሰው አይጠፋም፤ ይህም ጠባቂውን አሰናብቶ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው።

ስለዚህ ፍትሐዊው ጥያቄ «ማን ሠራው?» ሳይሆን «ለምን ያህል ጭነት ተሠራ? ዛሬስ ምን ያህል ተሸክሟል?» የሚል መሆን አለበት።

የመሬት መስመሩስ?

ከሁሉ ይልቅ በዓይን ሊመዘን የማይችለው የመሬት መስመሩ (ግራውንድ) ነው። ብረቱ በመሬት ውስጥ መቀበሩ ይታያል፤ ሥራውን መሥራቱ ግን አይታይም። በአካባቢው የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ርጥበት ሲጠግብ ኮረንቲን በደንብ ያስተላልፋል። በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ከብረቱ ሊለያይ ይችላል። የብረቱ ሬዚስታንስ 100 ኦም ደርሷል እንበል። የምጣዱ ፌዝ የውጭውን ብረት ቢነካ ወደ መሬት የሚፈሰው 2.2 አምፒር ብቻ ነው። ባለ 16 አምፒር ብሬከር ይህን ከአነስተኛ የቤት ዕቃ ፍጆታ ለይቶ ሊያውቀው አይችልም፤ የምጣዱ አካልም ኮረንቲ እንደ ያዘ ይቆያል። ከዚህ የሚያድነው የ30 ሚሊ አምፒር ፍሳሽ ሲያገኝ መስመሩን የሚቆርጠው አር.ሲ.ዲ. የተባለው መሣሪያ ነው። የመሬቱ ልኬትም በነሐሴ ሳይሆን አፈሩ በደረቀበት በመጋቢት ቢወሰድ ይበልጥ የታመነ ይሆናል።

ፍርዱ እንዴት ይሰጥ?

ሁለተኛው ባለሙያ ያገኘውን ሁሉ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ የለበትም። በእንግሊዝ ሀገር የቤት መስመር መርማሪዎች ግኝታቸውን በደረጃ ከፍለው ይጽፋሉ፦ አሁኑኑ አደጋ ያለበት፣ ወደ አደጋ ሊያመራ የሚችል፣ እንዲሻሻል የሚመከር። በእንግሊዝ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የኪራይ ቤቶች ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ እንዲመረመሩ ሕግ ያስገድዳል። እኛም ይህን አከፋፈል ብንይዝ፣ የተጋለጠ ሽቦን ከሚያስቀይም ግን ጉዳት ከሌለው የሽቦ አደራደር ለይተን ማየት እንችላለን። የእጅ ጽሑፍ ሰው ከሰው እንደሚለያይ ሁሉ የሥራ አቀራረብም ይለያያል፤ ልዩነቱ ሁሉ ጉድለት አይደለም።

ደንብ የለንም ማለት አይቻልም። የሕንፃዎችን የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚመለከተው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ስታንዳርድ ክፍል 10 በ1995 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። የጎደለን ደንቡ በአንድ ጭቃ ቤት ደጃፍ ላይ ወደ ልኬት የሚለወጥበት ልማድ ነው። ማንኛውም የቤት ዝርጋታ ሲጠናቀቅ ሠራተኛው አንድ ገጽ ጽሑፍ ለባለቤቱ ቢሰጥ መልካም ነው እላለሁ። በጽሑፉ ላይ የየመስመሩ ሽቦ ስፋትና የብሬከሩ መጠን፣ የመሬቱ ሬዚስታንስ፣ እንዲሁም የሽቦው ልባስ በ500 ቮልት ሲፈተን የተገኘው ውጤት ይስፈር። የመጨረሻው ልኬት በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መስፈርት መሠረት ከ1 ሜጋ ኦም ማነስ የለበትም።

«መሣሪያው ውድ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነትም ነው። ልባስን የሚፈትነው ሜገርና የመሬት መለኪያው ለአንድ የወረዳ ከተማ ሠራተኛ ቀላል ወጪ አይደሉም። መሣሪያዎቹ ግን በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ይገኛሉ። ተማሪዎች በመምህሮቻቸው መሪነት ከአካባቢው ሠራተኞች ጋር ወጥተው በፈቃደኛ ቤቶች ውስጥ ቢለኩ፣ ሠራተኞቹ መሣሪያውን፣ ተማሪዎቹም በመማሪያ ክፍል የማያገኙትን የጭቃ ቤት እውነት ይማሩ ነበር።

እስከዚያው ድረስ ምጣድ ሲሰካ የሚሞቅ ሶኬት፣ የሚሸት ስካቶላ ወይም ሲነኩት የሚነዝር ዕቃ ያለበት ቤት ባለቤት ማከፋፈያውን ራሱ ከፍቶ ለመጠገን አይሞክር፤ መስመሩን አጥፍቶ ብቁ ባለሙያ ይጥራ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ ነው። የተጠራው ባለሙያም «ማን ሠራው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት መለኪያውን ያውጣ፤ ያገኘውንም ቁጥር ጽፎ፣ ፈርሞ ይስጥ። ቁጥሩ የቀድሞውን ሠራተኛ ቢወቅሰው በማስረጃ ይሆናል፤ ነጻ ቢያወጣውም እንዲሁ።