ከፍትፍቱ ፊቱ፦ ኩርፊያ በመሥሪያ ቤት

«ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ አበው። ምግቡ ምንም ቢጥም፣ አቅራቢው ፊቱን ካጠቆረ እንግዳው አይበላም ማለት ነው። አባባሉ ለማዕድ ብቻ የተነገረ አይመስለንም፤ ለመሥሪያ ቤትም ይሠራል። ከገመቺስ ወይም ከዶባ ገጠር ማልዶ ተነሥቶ ወደ ጭሮ የመጣ ባለጉዳይ፣ ሠራተኛው ቀና ብሎ ሳያየው «ነገ ተመለስ» ካለው፣ የአንድ ቀን ሥራውን፣ የመኪና ሒሳቡንና በመሥሪያ ቤቱ ላይ የነበረውን እምነት አብሮ ይከስራል። በገለምሶ፣ በሂርናና በበዴሳም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ባስተዳደሩበት ዘመን የአስተዳደር አርአያ እንድትሆን የታሰበች ከተማ ናት። አርአያነት ደግሞ ከሕንፃው ይልቅ በመስኮቱ ይለካል።

ለመሆኑ ኩርፊያ የግል ጉዳይ ነውን? ብዙዎቻችን እንዲያ እናስባለን። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ስሜት እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ መሆኑን ነው። ሳናስበው የሌላውን ገጽታና የድምፅ ቃና እንኮርጃለን፤ የኮረጅነው ገጽታም ስሜቱን ይዞብን ይመጣል። ተመራማሪዋ ሲጋል ባርሳድ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ሙከራ፣ በየቡድኑ ውስጥ የተለያየ ስሜት እንዲያሳይ የሠለጠነ አንድ ሰው አስገብታ ነበር። የሰውየው ስሜት ወደ ቡድኑ አባላት ተጋባ፤ ደስተኛ ስሜት በተዛመተባቸው ቡድኖች መተባበር ሲጨምር ግጭት ቀነሰ። ክሪስቲን ፖራትና አሚር ኤሬዝ በ2007 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ጥናት ደግሞ፣ ክብረ ነክ ንግግር የደረሰባቸው ሰዎች የቃላት እንቆቅልሽ የመፍታት ችሎታቸውም ሆነ ሌላውን የመርዳት ፈቃዳቸው እንደሚቀንስ አመልክቷል። ስለሆነም አንድ ኩርፍተኛ የሚያበላሸው የራሱን ሥራ ብቻ አይደለም።

በአካባቢያችን በግልጽ ሊነገር የሚገባው አንድ ምክንያት አለ። ምዕራብ ሐረርጌ የጫት አገር ነው። ጫት የብዙ ገበሬ ቤተሰብ መተዳደሪያ በመሆኑ ጉዳዩን በውግዘት ብቻ ልናልፈው አንችልም። በትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን በ1975 እ.ኤ.አ. ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ መዋቅሩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል፤ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንዲለቀቅ በማድረግም ምርቃናን ያመጣል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ፣ ነጋዴው እርጥቡን ጠቅልሎ በጥድፊያ ወደ ገበያ ይልከዋል። ይሁን እንጂ ምርቃና ዕዳ አለበት። ሲበርድ ድብርት፣ ንጭንጭና እንቅልፍ ማጣት ሊከተሉት ይችላሉ። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሠራተኛ ጠዋት ተደብሮ ይገባል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ሐራራው ልቡን ወደ በርጫ ይጎትተዋል። በመካከሉ ባለጉዳዩ የማያውቀውን ዕዳ ይከፍላል።

ኩርፊያን ሁሉ በጫት ማሳበብ ግን ሳይንሳዊ አይሆንም። ጫት የማይቀምስ ቁጡ ሠራተኛ አለ፤ ቅሞም ትሑት የሆነ አለ። የማይበቃ ደመወዝ፣ አድሏዊ የደረጃ ዕድገት፣ የማያዳምጥ አለቃም ፊት ያጠቁራሉ። በግምገማ መድረክ «የአመለካከት ችግር አለበት» የሚለው ሐረግ እጅግ ተለምዷል። እኛ ግን ቅሬታና ኩርፊያ አንድ አይደሉም እንላለን። ቅሬታ ምክንያቱን ተናግሮ መፍትሔ ይጠይቃል፤ ኩርፊያ ምክንያቱን ደብቆ ጥፋት የሌለበትን ይቀጣል። አለቃ ቅሬታን «አሉታዊ አመለካከት» ብሎ ሲያፍነው ቅሬታው አይጠፋም፤ ኩርፊያ ሆኖ በመስኮቱ በኩል ይወጣል።

«ፈገግ በሉ» የሚል ትእዛዝም አያድንም። አርሊ ሆችሽልድ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ስሜትን ለደመወዝ ሲሉ ማስመሰል የራሱ ድካም እንዳለው አስረድታለች፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም የማስመሰል ፈገግታን ከመዛል ጋር አያይዘውታል። የሚሻለው ምንጩን ማድረቅ ነው። አለቃው ቅሬታ የሚሰማበት የታወቀ ሰዓት ይኑረው፤ ቀኑን ሙሉ ከሕዝብ ጋር የሚገናኘውም ሠራተኛ በፈረቃ ይተካ። ሠራተኛው በበኩሉ እንቅልፉን ይጠብቅ፤ የምርቃናውን ዕዳ ለባለጉዳይ አያስተላልፍ።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ከእነዚህ መስኮቶች ጀርባ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። ልምምዱ ግን ዛሬ በቤተ ሙከራና በቡድን ሥራ ይጀመራል። ያስከፋችሁን ነገር ለሚመለከተው ሰው በትሕትና መናገርን ልመዱ። ያልተነገረ ቅሬታ የሚያርፈው ምንም ባላደረገ ሰው ላይ ነውና።